የባህር ጠረፍ የወተት እርሻ ሲሸጥ፦ እሱን ልግዛ፣ ወደ መሀል ገባ ልበል ወይስ ላሞቹን ቤት ውስጥ ልቀልብ?

የእርሻ ሽያጭ ማስታወቂያ ሚያገላብጥ ሰው ያውቀዋል፣ የጠረፍ የወተት እርሻ ሲሆን መጀመሪያ ሚመጣው ፎቶ በድሮን የተነሳ ነው፣ አረንጓዴ መስክ፣ ከስሩ ባህር፣ መሀል ላይ በሰልፍ ወደ ማለቢያ ሚሄዱ ላሞች። ከፎቶው ስር አጭር ፅሁፍ አለ፣ ለምሳሌ ጠቅላላ ስፋት 120 ሄክታር፣ 300 ላም ሚታለብበት፣ የራሱ ውሃ ያለው፣ ምናምን። ፎቶው ያምራል ማንም አይክደውም፣ ግን ላም እይታ አትበላም፣ ባንኩም የወር ክፍያውን በእይታ አይቀበልም።

እንዲ አይነት እርሻ ሲያጋጥማችሁ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ልታወዳድሩት ሚገባ ሁለት ሌላ መንገድ አለ። አንደኛው ከባህር ራቅ ያለ መሬት ላይ ሣሩን በመስኖ እያበቀሉ ማሰማራት ነው፣ ሌላው ላሞቹን ቤት ውስጥ አስገብቶ መኖ እየቀረበላቸው ማለብ። በሶስቱም ያተረፈ አለ፣ በሶስቱም የከሰረ አለ። የኔን አቋም ቀድሜ ልናገር፣ መኖ ሚገዛበት ብዙ ካሽ ለሌለው ሰው እና መስክ ማስተዳደር ለሚወድ ሰው ጥሩ የጠረፍ እርሻ ከሶስቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ ጥሩውን ከመጥፎው ሚለየው ነገር ማስታወቂያው ላይ አይወጣም፣ እራሳችሁ ጠይቃችሁ እና በእግራችሁ ዞራችሁ ነው ምታወጡት።

መጀመሪያ ሣሩ

ባህር አጠገብ መሆን ዋናው ጥቅሙ አየሩን ማለስለሱ ነው። ውሃ ቶሎ አይሞቅም ቶሎም አይቀዘቅዝም፣ ስለዚ ጠረፉ ላይ ያለ መሬት በብርዱ ወቅት እንደ መሀሉ አይቀዘቅዝም በሙቀቱም እንደዛ አይቃጠልም። ለወተት ላም በብዛት ሚዘራው ራይግራስ የአፈሩ ሙቀት ከ5 ወይ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ማደጉን ያቆማል፣ አየሩ ከ25 እየዘለለ ሲሄድ ደሞ ይደክማል። በነዚህ መሀል ያሉት ቀኖች በበዙ ቁጥር ላሟ እራሷ አጭዳ እራሷ ትበላለች፣ እናንተ ትራክተር አታስነሱም ነዳጅ አታቃጥሉም። የአየርላንድ ደቡብ፣ የኒውዚላንዱ ታራናኪ፣ የታዝማኒያ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ያለው ቲላሙክ፣ እነዚህ ሁሉ በወተት ስም ያወጡት መሬታቸው ከሌላው የተለየ ተአምር ስላለው ሳይሆን እርጥበቱ እና ለስላሳው አየር ሣሩን ረጅም ጊዜ ስለሚያቆዩላቸው ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ ምክንያቱም ገዢዎች በብዛት ሚሸወዱት እዚህ ነው። ማስታወቂያው 120 ሄክታር ይላል፣ ካርታውም 120 ይላል፣ ማንም አልዋሸም። ግን ላም ምትግጥበት መሬት ስንት ነው? የአሸዋ ክምሩን ቀንሱ፣ ገደሉን ቀንሱ፣ ረግረጉን፣ ቦዩን፣ ላሞቹ ሚሄዱበትን መንገድ፣ ቤቱን፣ ማለቢያውን እና የፍሳሽ ኩሬውን ቀንሱ። ጠረፍ ላይ ይሄ ቅነሳ ከሌላ ቦታ ይበዛል። 100 ቀረ እንበል። ጥሩ የተያዘ የራይግራስ እና የማገጥ መስክ በአመት በሄክታር ከ10 እስከ 18 ቶን ደረቅ መኖ (ውሃው ሳይቆጠር ማለት ነው) ያወጣል፣ እንደ ዝናቡ እንደ አፈሩ። 14 ቶን ብለን እንያዝ። የበቀለው ሁሉ ደሞ አይበላም፣ ይረገጣል፣ ይቆሽሻል፣ ያረጃል፣ ጎበዝ አርቢ 80 በመቶውን ካስበላ በጣም አሪፍ ነው፣ ስለዚ ላሞቹ አፍ ሚገባው 11.2 ቶን ነው፣ በ100 ሄክታር 1,120 ቶን። አንድ 500 ኪሎ ሚሆን ታላቢ ላም በአመት ወደ 5 ቶን ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፣ 300 ላም ማለት 1,500 ቶን። 380 ቶን ከየት መጣ ታዲያ? ወይ ከውጪ ተገዝቶ ነው፣ ወይ ጊደሮቹ እና የነጠፉት ላሞች ሌላ ሰው መሬት ላይ ተከራይተው እየበሉ ነው፣ ወይ ላሞቹ ከስተው ነው። በራሱ ሣር ብቻ ይሄ እርሻ ሚችለው ወደ 224 ላም ነው።

መኖ መግዛት ሀጢያት አይደለም። ነገር ግን የ300 ላም እርሻ ነው ተብሎ በ300 ላም ገቢ ዋጋ ሲጠራባችሁ ከመሬቱ ሚወጣውን ወተት እና ከተገዛ መኖ ሚወጣውን ወተት ለዩ፣ ሁለተኛውን መሬቱ አይሰጣችሁም መኖ ሻጩ ነው ሚሰጣችሁ። ሻጩን የሶስት አመት የመኖ ደረሰኝ ጠይቁት። ካላሳየ ለኔ በቂ መልስ ነው።

የመስኖ መሬቱስ? እዛ ሣሩ በደረቁ ወራት አይቋረጥም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኒውዚላንዱ ካንተርበሪ ሜዳ በአብዛኛው ድሮ የበግ እና የእህል አገር ነበር፣ መስኖ ሲስፋፋ ነው ዛሬ ምናየው የወተት አካባቢ የሆነው። ግን ሣሩ በቧንቧው ላይ ተንጠልጥሏል። የኤሌክትሪክ ቢል አለ፣ የውሃ ፈቃዱ ማብቂያ ቀን አለው፣ ሲታደስ ያኔ የነበረው መጠን ላይሰጥ ይችላል፣ አፈሩ ጠጠራማ ሲሆን ደሞ የላሞቹ ሽንት ናይትሬት ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ስለሚወርድ ህጉ እየጠበቀ ነው ሚሄደው። ካሊፎርኒያ በ2014 (እዚህ ያሉት አመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የከርሰ ምድር ውሃ ህግ አውጥታ ውሃቸው እየተሟጠጠ ያሉ አካባቢዎች ወደ 2040 ገደማ አወጣጣቸውን ከሚተካው ጋር እንዲያመጣጥኑ አስገድዳለች። እዛ መሬት ምትገዙ ሰዎች መሬቱን ሳይሆን ውሃውን ነው ምትገዙት።

ቤት ውስጥ መቀለብ ሌላ ዓለም ነው። የአሜሪካ ላም በአመት በአማካይ ከ10,000 ኪሎ በላይ ወተት ትሰጣለች፣ የኒውዚላንዷ የግጦሽ ላም ከ4,000 ሊትር ትንሽ ከፍ ትላለች። ቁጥሩን ያየ ሁሉ ወደ ቤት ውስጡ ይሮጣል፣ ግን የግጦሿ ላም ዋናውን መኖዋን በእግሯ ሄዳ ነው ምታገኘው፣ የቤቷ ላም ግን የምትጎርሰው ሁሉ በማሽን ታጭዶ፣ ተጭኖ፣ ተቀላቅሎ፣ ፊቷ ተደፍቶ ነው፣ ፍጓም ተዝቆ ይወጣል። የመኖ ዋጋ ሲንር የቤቱ እርሻ መጀመሪያ ይጮሃል፣ የወተት ዋጋ ሲወርድም እንደዛው። ጥቅሙ ምንድነው ካላችሁ አየር ሁኔታ አያሸብርህም፣ ትንሽ መሬት ይበቃል፣ ወተቱም አመቱን ሙሉ እኩል ስለሆነ ትኩስ ወተት ሚሸጡ ድርጅቶች ይወዱታል። ህንፃ ግን ያረጃል፣ መሬት ግን አያረጅም (ባህሩ ካልበላው ማለቴ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ)።

ንፋስ እና ጨው

ጠረፍ ላይ ጨው አየር ውስጥ ነው። ይሄ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ ከባህር ሚነሳው ጨዋማ ርጭት ሣሩ ላይ ሶዲየም ያሳርፋል፣ ታላቢ ላም ሶዲየም ትፈልጋለች፣ ከባህር የራቀ መሬት ላይ ጨው እየገዛችሁ ምታልሱትን እዚህ ነፋሱ በነፃ ያመጣዋል፣ ሣሩም ይጣፍጣታል። መጥፎው ደሞ ሁሉንም ብረት ይበላል።

ስለዚ ለጉብኝት ስትሄዱ ደላላው ቤቱን እና ኪችኑን ሲያሳያችሁ አመስግናችሁ ወደ ባህሩ አቅጣጫ ወዳለው የመጨረሻ አጥር ሂዱ። ሽቦውን በእጃችሁ ያዙት፣ ዝገቱ እጃችሁ ላይ እንደ በርበሬ ከቀረ፣ እጥፍ ስታደርጉት ከተሰበረ፣ የዛ ሽቦ እድሜ አልቋል። ሽቦውን እንጨቱ ላይ የያዙትን ምስማሮች እዩ፣ በብዛት ከሽቦው ቀድመው ሚሄዱት እነሱ ናቸው። ኤሌክትሪክ አጥር ከሆነ ሽቦውን ከእንጨቱ በሚለዩት ማገጃዎች ላይ ጨው ሲጋገር እርጥበት ባገኘ ቁጥር መብራቱ ወደ እንጨቱ ይሾልካል፣ ጫፍ ላይ ያለው ቮልት ይወርዳል፣ ላም ደሞ ይሄንን ለማወቅ አንድ ቀን አይፈጅባትም። ከዛ የፓምፕ ቤቱን ክፈቱ፣ የስዊች ሳጥኑን ውስጡን እዩ፣ የማለቢያውን ቆርቆሮ ከባህሩ በኩል ካለው ጠርዝ ጀምራችሁ እዩ። ከመሀል አገሩ እርሻ ጋር ስታወዳድሩ እነዚህን ቶሎ ቶሎ መቀየር በየአመቱ ወጪ ውስጥ ሊገባ ይገባል፣ እርሻውን ሊገዙ ሚመጡ ሰዎች ግን ይሄን ወጪ በባጀታቸው ውስጥ ሲያስገቡት አላይም።

ንፋሱ ላሟንም ይነካል። እርጥብ እና ነፋሻ ቀን ላሟ ሰውነቷን ለማሞቅ መኖዋን ታቃጥላለች፣ አዲስ የተወለደ ጥጃ ደሞ ከለላ ካላገኘ ቶሎ ይሞታል። ታራናኪ ውስጥ የድሮ አርቢዎች ቦክስቶርን ሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ በየመስኩ ዳር ተክለው ግድግዳ የመሰለ አጥር የሰሩት ለዚህ ነው፣ እስካሁን አካባቢው የሚታወቅበት ነገር ነው። የንፋስ መከላከያ ተክል የሌለው የጠረፍ እርሻ ርካሽ ቢመስል እሱን ተክሎ እስኪያድግ ሚፈጀውን አመት ቁጠሩ። በሙቀት ወቅት ግን ያው ንፋስ ወዳጅ ነው፣ ላም ሙቀት እና እርጥበት ሲደራረብባት ወተቷ ይወርዳል፣ ከባህር ሚመጣ ነፋስ ያለበት መስክ ላይ ግን ከመሀል አገሯ ላም የተሻለ ትቋቋመዋለች።

ውሃ፣ በተለይ ጉድጓዱ

የራሱ ውሃ አለው ሲባል የት ያለ ውሃ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለመጠጥ እና ለማለቢያ ማጠቢያ በአንድ ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ አስቡ፣ 300 ላም ማለት በቀን 40,000 ሊትር አካባቢ ነው። ይሄ ከባህር አጠገብ ካለ ጉድጓድ ሚወጣ ከሆነ አንድ የተፈጥሮ ህግ ማወቅ አለባችሁ። ንፁሁ ውሃ ከጨው ውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከባህር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ ከስሩ ወደ 40 ሜትር ገደማ ንፁህ ውሃ ይኖራል። ደስ ይላል፣ ግን ግልባጩ ያስፈራል፣ ፓምፕ አብዝታችሁ ያንን ከፍታ በግማሽ ሜትር ካወረዳችሁት ጨዋማው ከስር በጊዜ ብዛት ወደ 20 ሜትር ወደላይ ይጠጋል ማለት ነው። አንዴ ጉድጓዱ ከጨው ጋር ከተገናኘ ቶሎ አይመለስም።

የውሃ ምርመራ ውጤት ሲያሳዩአችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ዝናብ በዘነበ ማግስት የተቀዳ ውሃ ለምርመራ አይሆንም፣ ደረቁ ወቅት ሲያልቅ፣ ፓምፑ ለሰአታት ከሰራ በኋላ የተቀዳ ነው ሚፈለገው። የአውስትራሊያ እና ኒውዚላንድ መመሪያ ለወተት ላም በሊትር እስከ 2,500 ሚሊግራም የሟሟ ጨው ችግር የለውም ይላል፣ ከዛ እስከ 4,000 ላሞቹ መጀመሪያ ላይ ሊያንገራግሩ ይችላሉ፣ ከ4,000 በላይ ምርት መውረድ ይጀምራል። የባህር ውሃ ወደ 35,000 ነው፣ ስለዚ ትንሽ ቅልቅል ብዙ ያበላሻል። ከመስኖው እርሻ ጋር ስናወዳድር እዛ ሚያሰጋው የውሃ መጠኑ ነው፣ እዚህ ደሞ ጥራቱ።

አፈሩ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሁለት ጠረፍ እንኳን አይመሳሰሉም

እዚህ ላይ በጠረፍ እና በመሀል አገር መሀል ካለው ልዩነት ይልቅ በጠረፍ እርሻዎች እርስ በርስ ያለው ልዩነት ይሰፋል ብዬ ነው ማስበው። በግርድፉ ሶስት አይነት ታገኛላችሁ።

ከገደል በላይ ያለ፣ ጥልቅ አፈር ያለው ሜዳ፣ በተለይ የእሳተ ገሞራ አመድ ከሆነ፣ ምርጡ ነው። ውሃ ይይዛል ግን አይተኛበትም፣ ከብት ቶሎ አያጨቀየውም። ታራናኪ ተራራው ዙሪያ ያለው ሜዳ ይሄ ነው። ፎስፈረስን አጥብቆ ይዞ ለሣሩ ስለማይለቅ ማዳበሪያው በደንብ ያልተያዘ እርሻ ከሆነ ግን መጀመሪያ አመታት ላይ ብዙ ትጨምራላችሁ፣ ስለዚ የአፈር ምርመራ ከየመስኩ ለየብቻ ጠይቁ፣ ከማለቢያው አጠገብ ካለው መስክ ብቻ የተወሰደ ውጤት ሁሌም ያማረ ነው ምክንያቱም ፍጉ ሁሉ ሚሄደው እዛ ነው።

ሁለተኛው አሸዋ ነው። በእርጥቡ ወቅት ትወዱታላችሁ፣ ጭቃ የለም፣ ላም አታነክስም፣ ድርቅ ሲመጣ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል፣ ፖታሲየም እና ሰልፈሩንም ዝናቡ አጥቦ ይወስድበታል። ሌላ ማይታይ ችግርም አለው። በደቡብ አውስትራሊያ ጠረፍ ኖራ ሚበዛበት አሸዋ ላይ ሚሰማሩ በጎች ሣር ሞልቶላቸው እየከሱ ሚሞቱበት የጠረፍ በሽታ ሚባል ነገር ነበር፣ በ1930ዎቹ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት አፈሩ ኮባልት እና መዳብ አጥሮት ነው ሆነ። ኮባልት በሆዳቸው ያሉ ባክቴሪያዎች ቫይታሚን ቢ12 ሚሰሩበት ነው፣ ቢ12 እራሱ ለብቻው ተነጥሎ የወጣው ከብዙ አመት በኋላ በ1948 ነው። ዛሬ መፍትሄው ቀላል ነው፣ በማዳበሪያ ወይ በመርፌ ይሰጣል፣ ብቻ አዲስ ገዢ ላሞቹ ለምን እንደከሱ ሳያውቅ አንድ አመት ሊያልፍበት ይችላል። አካባቢውን ሚያውቅ የእንስሳት ሀኪም አንድ ስልክ ደውሉለት፣ የጉበት የመዳብ እና የቢ12 ምርመራ ካለ አሳዩኝ በሉ።

ሶስተኛው ከባህር ወይ ከረግረግ በቦይ ተደርቆ የተገኘ ዝቅተኛ ሜዳ ነው። ሣሩ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል፣ ፎቶውም ከሁሉም ያምራል፣ እኔ ግን በጣም ምፈራው ይሄንን ነው። አንዳንዱ ስሩ ፒራይት ሚባል ማዕድን አለው፣ ውሃ ውስጥ እስካለ ምንም አይልም፣ ቦይ ጠልቆ ተቆፍሮ አየር ካገኘ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ ሣሩ ይሞታል፣ ቦዩ ውስጥ ያለው ውሃም ዝገት ይመስላል። ቦዩ ዳር ቆማችሁ ውሃው ብርቱካናማ ከሆነ፣ ወይ ከልክ በላይ ጥርት ብሎ ነፍሳት የሌለበት ከሆነ አሲዱን መለካት ግድ ነው። ውሃውም ወደ ባህር ሚወጣው ባህሩ ሲጎድል ብቻ በሚከፈት በር ነው፣ ባህሩ ከፍ ባለ ቁጥር ያ በር ተከፍቶ ሚቆይበት ሰአት ያንሳል።

እና ባህሩ ከፍ እያለ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የመንግስታቱ ፓነል 6ኛው ሪፖርት እንዳለው ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሴንቲሜትር ጨምሯል፣ እስከ 2100 ደሞ እንደ ልቀቱ መጠን ከ0.28 እስከ 1.01 ሜትር ይጨምራል ብሎ ነው ሚጠብቀው። ለገደል አናት ይሄ ቁጥር ብዙም ላይሆን ይችላል፣ እዛ ጥያቄው ገደሉ በአመት ስንት እየተበላ ነው ሚለው ነው፣ የድሮ የአየር ላይ ፎቶ ከአሁኑ ጋር አስተያይታችሁ ታውቁታላችሁ። ለዝቅተኛው ሜዳ ግን የ30 አመት ብድር ወስዶ ለሚገባ ሰው ይሄ ቁጥር የራሱ ዘመን ነው የልጅ ልጁ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ኢንሹራንስ ድርጅት ጋር ደውሉ እና ይሄን ቦታ ለጎርፍ ትሸፍናላችሁ ወይ በሉ፣ የነሱ መልስ ከማንኛውም ደላላ መልስ ሀቀኛ ነው። ባንክም ቢሆን ኢንሹራንስ የሌለውን መሬት መያዣ አድርጎ መያዝ ይከብደዋል።

ቅርፁ

ይሄ አጭር ነው። የጠረፍ እርሻ ብዙ ጊዜ ከመንገዱ እስከ ባህሩ ረጅም እና ጠባብ ሆኖ የተቆረጠ ነው። ማለቢያው መንገዱ ዳር ከሆነ የመጨረሻው መስክ 2 ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል፣ ላም በሰአት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄድ አንድ ጉዞ 40 ደቂቃ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከታለበች ደርሶ መልስ ከሁለት ሰአት ተኩል በላይ እየሄደች ነው እየበላች አይደለም። ኮቴ ይጎዳል፣ ወተትም ይቀንሳል። መሬቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ማለቢያው መሀል ላይ ያለ የመስኖ እርሻ እዚህ ላይ ይበልጣል። የማለቢያውን አይነት ግን ብዙ አትጨነቁበት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንዱ ዋይካቶ የተጀመረው ሄሪንግቦንም (ላሞቹ ሰያፍ ተሰልፈው ሚታለቡበት) ይሁን በ1969 ታራናኪ ውስጥ የተሰራው ላሞቹን ይዞ ሚዞረው ክብ መድረክ፣ ዋናው መንጋው በሁለት ሰአት ገደማ ታልቦ ማለቁ ነው።

ምኑን ነው ምትገዙት? መሬቱን፣ ሁሉንም፣ ወይስ አመቱን?

ሚሸጠው እርሻ ከነላሙ ከነማሽኑ ሊሆን ይችላል፣ ባዶ መሬት ሊሆን ይችላል፣ ወይ ሻጩ ገዢ ካጣ ሊያከራየው ይችላል። ከነላሙ ስትገዙ ከርክክቡ ማግስት ወተት ትሸጣላችሁ፣ ያንን መስክ ሚያውቁ ላሞች ታገኛላችሁ፣ ግን በሽታቸውንም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ኒውዚላንድ በ2017 ማይኮፕላዝማ ቦቪስ ሚባል የከብት በሽታ ተገኝቶባት በቀጣዩ አመት ከአገር ለማጥፋት ዘመቻ ጀምራ እጅግ ብዙ ከብት አርዳለች፣ በሽታው በዋናነት ሚዞረው በከብት ዝውውር ነበር። ስለዚ የዝውውር መዝገቡን፣ የቲቢውን፣ የቢቪዲውን (የከብት ቫይረስ ነው)፣ የወተቱን የሶማቲክ ሴል ቆጠራ (የጡት ህመም ሲኖር ሚበዛ ህዋስ ነው) በየወሩ ጠይቁ፣ ቆጠራው በሚሊሊትር ከ200,000 በታች ተረጋግቶ ከቆየ ጡታቸው ደህና ነው፣ የአውሮፓ ህብረት ጣሪያው 400,000 ነው እና ወደሱ ሚጠጋ መንጋ በዋጋው ላይ ሊታይ ይገባል።

ወተቱን ማን እንደሚገዛም እዩ። በኮኦፕሬቲቭ ከሆነ እንደ ኒውዚላንዱ ፎንቴራ አይነቶቹ ጋ አቅራቢ ለመሆን አክሲዮን መያዝ አለ፣ አክሲዮኑ ከመሬቱ ዋጋ ውጪ ነው ወይስ ውስጥ? ካናዳ ውስጥ ደሞ ኮታ (ይሄን ያህል ወተት ሽጡ ሚል ፈቃድ) ከሌላችሁ ላም ብቻውን ምንም አያደርግላችሁም። ማዳበሪያውንም እንደዛው፣ ኒውዚላንድ ከ2021 ጀምራ በግጦሽ መሬት ላይ ሰው ሰራሽ ናይትሮጅን በአመት በሄክታር ከ190 ኪሎ አይለፍ ብላለች፣ ሻጩ ከዛ በፊት ያወጣውን ሣር ቁጥር ካሳያችሁ እናንተ አትደግሙትም። የውጪ ዜጋ ከሆናችሁ ደሞ እዛው ኒውዚላንድ ውስጥ በ2005ቱ የውጪ ኢንቨስትመንት ህግ ባህር ሚነካ መሬት ትንሽ ብትሆንም ቀድሞ ፈቃድ ትፈልጋለች፣ መሀል አገር ያለ የእርሻ መሬት ደሞ ከ5 ሄክታር ሲበልጥ።

ኪራይ ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነው፣ ካፒታላችሁ ላሞቹ ላይ ይሆናል እንጂ መሬት ላይ አይታሰርም፣ ላም ደሞ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ግን ጠረፍ ማለት ሰው ሁሉ ሚፈልገው መሬት ነው፣ ቱሪስቱም ተፈጥሮ ጠባቂውም ሪል እስቴቱም። ካሊፎርኒያ ፖይንት ሬይስ ሚባል የጠረፍ ፓርክ ውስጥ ያሉ የወተት ቤተሰቦች መሬታቸውን ድሮ ለፌደራል መንግስቱ ሸጠው ከዛ እየተከራዩ ለብዙ አስርት አመታት አልበዋል፣ በጥር 2025 ይፋ በሆነ ስምምነት ግን አብዛኞቹ ክፍያ ተቀብለው እንዲለቁ ተደረገ። ስለዚ ጠረፍ ላይ ምትከራዩ ከሆነ የውሉ ርዝመት ከኪራዩ ዋጋ በላይ ያሳስባችሁ፣ አጥር እና ማዳበሪያ ላይ ያወጣችሁት ውሉ ሲያልቅ ተገምቶ ይመለሳል ሚል አንቀፅ ከሌለ ብዙ አታውጡ።

እንግዲ ማነው ምኑን ይምረጥ? መኖ በርካሽ ሚገኝበት አካባቢ ካላችሁ፣ መሬት ውድ ከሆነ፣ ሰራተኛ እና ማሽን ማስተዳደር ካልከበዳችሁ ቤት ውስጡ ይሁን። ረጅም እና አስተማማኝ የውሃ ፈቃድ ያለው ቅርፁ ያማረ መሬት ካገኛችሁ መስኖው። ጠረፉን ምለው ደሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጥልቅ አፈር ሲኖረው፣ ጉድጓዱ በደረቅ ወቅት ተለክቶ ሲያልፍ፣ እና ዋጋው በካርታው ሄክታር ሳይሆን ላም በምትግጠው ሄክታር ሲሰላ ነው። አሸዋማውን ከሆነ ላሞችን ቀንሳችሁ፣ ድርቆሽ እና ገፈራ (እርጥቡን አፍኖ ሚቀመጥ መኖ) አከማችታችሁ፣ ዋጋውን አስቀንሳችሁ ልትገቡበት ትችላላችሁ። ዝቅተኛውን ሜዳ በኪራይ ካልሆነ በግዢ አልመክርም፣ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል፣ ሣሩን አይቶ ሚከራከረኝ ብዙ ነው።

ጉብኝቱን ሁለት ጊዜ አድርጉት፣ አንዴ ድርቁ ሲከር አንዴ ጭቃው ሲበዛ፣ ሻጮች ሚወዱት ጊዜ ሣሩ ወገብ ሚደርስበትን ነው። በውሉ ላይ ደሞ አንድ ሰዎች ሚረሱት ነገር አለ፣ በርክክቡ ቀን መስኩ ላይ ስንት ሣር ይኖራል ሚለው። ኒውዚላንድ ውስጥ የወተት እርሻዎች በብዛት ሚረካከቡት ሰኔ መጀመሪያ ላይ በብርዱ መግቢያ ነው፣ ሻጩ ከመሄዱ በፊት ላሞቹን አሰማርቶ መስኩን ምድር አስነክቶት ከሄደ ላሞቹ ሲወልዱ ሚበሉት የለም፣ ያኔ መኖ ሚገዛው አዲሱ ባለቤት ነው። ስለዚ በሄክታር ይሄን ያህል ኪሎ ደረቅ ሣር ይኑር፣ ካነሰ ልዩነቱ በዚህ ዋጋ ይቀነስ፣ ሁለታችንም ያልቀጠርነው ገለልተኛ ሰው ይለካው ብላችሁ አፅፉ፣ የተከማቸውን ገፈራም እንደዛው በቁጥር።